ከቀኝ ወደ ግራ

ሰውሰን ግዕዝ ታነባለች የሚለው ወሬ የካርቱም ሐበሾች የሚኖሩባትን ሰፈር ዴምን ከዳር እስከ ዳር ሲያዳርስ፣ ሰውሰን «ሀ»ን ከ«ለ» ለይታ አታውቅም ነበር። ይህን ከመጀመሪያው ተናግሮ መገላገል ይሻላል። እሷም በጊዜው እንዲሁ ተናግራ ብትገላገል ኖሮ ያን ሁሉ ላብ ባላላባት።

ልጅቷ ሐጅ ዩሱፍ በሚባለው የካርቱም ሰፈር ተወልዳ ያደገች ናት። አባቷ ሰላሕዲን የጭነት መኪና ሾፌር ነበር፤ እሷ ገና ትምህርት ቤት ሳትገባ ሞተና የአባቷ እኅቶች አሳደጓት። እናቷ ወለተማርያም ዴም ውስጥ በሚገኝ የሐበሻ ምግብ ቤት ወጥ ስትሠራ ውላ፣ ማታ ማታ በሚኒባስ እየመጣች አቅፋት ታድር ነበር። ስለዚህ ትምህርቷም ዓረብኛ፣ ሕልሟም ዓረብኛ ሆነ። አማርኛው ከእናቷ አፍ የለቃቀመችው ብቻ ነው፤ ለወጥ፣ ለቁጣና ለፍቅር ይበቃል፤ ከዚያ ካለፈ ይሰናከላል።

ታዲያ ምን አስቀባጠራት? እንጀራ ነዋ!

ዩኒቨርሲቲ ከጨረሰች በኋላ በካርቱም መሀል ባለ አንድ የቆየ ቤተ መጻሕፍት በጊዜያዊ ውል ተቀጥራ ነበር። ካርቱም ገና ጦርነቱ ሳይደርስባት ነው ይህ። ውሉ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ኃላፊው ዶክተር ኢሃብ አንዲት ትንሽ መጽሐፍ በሁለት እጁ ይዞ ወደ ጠረጴዛዋ መጣ። ከመጋዘን ሲወጡ ከሰነበቱት የጥንት ሕትመቶች አንዷ ናት፤ ቆዳዋ የጠቆረ፣ ወረቀቷ ግን ገና ያልደከመ፣ ከመቶዎች ዓመታት በፊት ባሕር ማዶ በግዕዝ የታተመች።

«ያ ሰውሰን፣ እናትሽ ሐበሻ አይደለችም እንዴ? ይሄን ማንበብ ትችያለሽ?»

«አኪድ!» አለች። እንዴታ ማለቷ ነው። ምላሷ ቀደማት እንጂ እሷማ ያለችውን የሰማችው ካፏ ከወጣ በኋላ ነው።

የዶክተሩ ፊት በራ። «ማሻአላህ! እኛ ከውጭ ሰው ስንፈልግ፣ አንቺ እዚሁ አፍንጫችን ሥር!» ውሏ ወዲያው ታደሰ። ብርቅና ቀደምት የሕትመት መጻሕፍት ለሕዝብ የሚታዩበት ዐውደ ርእይ ሲዘጋጅም የግዕዟ መጽሐፍ ለእሷ ተሰጠች፤ የመስታወት ሣጥኑን የምታሰናዳውም፣ ለጎብኚ የምታስረዳውም እሷ ሆነች። ነገሩ ካማረ ቋሚ ሠራተኛ እንደሚያደርጋት ዶክተር ኢሃብ በሰው ፊት ቃል ገባ።

ያን ጊዜም ቢሆን መመለስ ይቻል ነበር። «ዶክተር፣ ቸኩዬ ነው፤ እናገራለሁ እንጂ አላነብም» ብትል ሰውየው ቢበዛ ይስቅባት ነበር። ነገር ግን ወሬው ከእሷ ቀድሞ እናቷ ጋ ደርሷል፤ ያደረሰችውም ራሷ ናት፤ ውሏ የታደሰ ዕለት በደስታ ብዛት «ዩማ! እማዬ!» ብላ በስልክ ነግራት ኖሯል።

ወለተማርያም ይህን ወሬ እንዴት አድርጋ እንደያዘችው! ሰላሕዲንን ያገባች ጊዜ የዴም ሴቶች «እሷ እንግዲህ ሄደች» ብለው ትተዋታል። ቤተ ክርስቲያን ስትመጣ ከኋላ፣ ከግንቡ ጥግ ነው የምትቆመው። «ልጅሽስ እንዴት ናት?» ሲሏት መልሱን ፈልገው እንዳልሆነ ስለምታውቅ መሬት መሬት ታያለች። እንዲህ ሆና ስንት ዘመን ከኖረች በኋላ አንድ እሑድ ቀና ብላ «ልጄ የአባቶቻችንን መጽሐፍ ታነባለች፤ መንግሥት ነው የሾማት» አለች። መንግሥት አልሾማትም፤ ግን እናት ስታወራ እንዲህ ነው። ከዚያ ወዲህ ሴቶቹ ጠጋ ጠጋ ብለው ቦታ ይለቁላት ጀመር። ሰውሰን አንድ ቀን ልታደርሳት ሄዳ ይህን በዓይኗ አየች፤ እናቷ ከፊት፣ ከባለሱቋ ከናርዶስ ጎን ቆማ፣ ነጠላዋን እያስተካከለች።  ከዶክተሩ ብታመልጥ እንኳ ከዚህች ሴትዮ ደስታ ማምለጫ እንደሌላት ያን ዕለት ገባት።

ፊደል ገበታ ገዛች። ማታ ማታ እየታገለች ጥቂት መስመር እንደወረደች እንቅልፍ ይጥላታል፤ በማግስቱ ትናንት የያዘችው ጠፍቶ ታገኘዋለች። የዐውደ ርእዩ ቀን ግን አልጠበቃትም።

ከላይ በመስታወት ሣጥኑ ላይ የመጽሐፏን ስም በወርቃማ የፕላስቲክ ፊደላት መለጠፍ ነበረባት፤ የሌሎቹም ሣጥኖች እንደዚያው ስለሆኑ። የመጽሐፏን የመጀመሪያ ገጽ በስልኳ ፎቶ አንሥታ ዴም ሄደችና ስልክ ለሚጠግነው ለናሆም አሳየችው። «ሕትመቱ ደብዘዝ ስላለብኝ ነው፤ ለማረጋገጥ ያህል» አለችው ዓይኗን በጨው አጥባ። ናሆም አነበበና ጽፎ ላከላት፦ ጸሎተ ልብ። ለፊደል ቆራጩ ሱቅ አስተላለፈችው፤ ከዚያ ምስጢር የሚወጣው ከስልክ ነው ብላ የናሆምን መልእክት ደመሰሰችው።

ፊደላቱ በፌስታል መጡ። ሱቁ ውስጥ ያሉት ሰዎች ቋንቋውን ስለማያውቁ እንዳይደበላለቅ ብለው በየፊደሉ ጀርባ ተራ ቁጥር ጽፈውበታል፤ ከአንድ እስከ አምስት። ለጣፊው ሙባረክ የቤተ መጻሕፍቱ ሁለገብ ሠራተኛ ነው፤ የሌሎቹን ሣጥኖች የዓረብኛ ስም ሲለጥፍ ውሎ እጁ ሞቋል። በርጩማው ላይ ወጣ። አንድ ቁጥርን፣ ማለትም «ጸ»ን አንሥቶ በቀኝ በኩል ለጠፈ። ሌላ ከየት ይጀመራል? በሙባረክ ዓለም ጽሕፈት የሚጀምረው ከቀኝ ነው። ሁለት ቁጥርን ከእሱ በስተግራ፣ ሦስትን ከዚያ በስተግራ እያደረገ ሄደና ሲጨርስ ወርዶ አቧራውን አራገፈ።

«ታማም?» አላት፤ አማረ ወይ ማለቱ ነው።

ሰውሰን ወደ ኋላ ራቅ ብላ አንገቷን ዘንበል አደረገች፤ አዋቂ ሰው እንዲህ ሲያደርግ አይታለች። የተዘቀዘቀ ፊደል የለም። የጎደለም የለም። ለእሷም ቢሆን ጽሕፈት ከቀኝ ነው የሚጀምረው።

«ታማም» አለች።

አማርኛ የሚያነብ ሰው ግን ከግራ ይጀምራል። ከግራ የጀመረ ሰው መስታወቱ ላይ የሚያገኘው «ብል ተሎጸ» የሚል ነው። «ተሎጸ» ምንም ማለት አይደለም። ብል ግን ብል ነው፤ የልብስና የመጽሐፍ ጠላት፣ ያቺ በልታ የማትጠግብ ተባይ። በወርቃማ ቀለም፣ ከተከበረችው መጽሐፍ በላይ!

ዐውደ ርእዩ በተከፈተ ዕለት የዴም ሰዎች ነጭ በነጭ ለብሰው መጡ። ከፊት የሚሄዱት መሪጌታ በየነ ናቸው፤ ካርቱም ውስጥ ያረጁ፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው የማያውቁ ሰው። ወለተማርያም ድስቷን ሳታወርድ መውጣት ስላልቻለች በኋላ እደርሳለሁ ብላለች። እንግዶቹ አዳራሹ በር ላይ ሲደርሱ፣ ማንም ሳይነግራቸው፣ ጫማቸውን አወለቁ። የጸሎት መጽሐፍ ወዳለበት ነው የሚገቡት፤ ሌላ ምን ያደርጋሉ? ዘበኛው ግራ ገብቶት ዶክተሩን አየ። ዶክተር ኢሃብ ግን ልቡ ተነክቶ «ተዋቸው፣ ተዋቸው» አለ።

ሰውሰን በአዲስ ቀሚስ መጽሐፏ አጠገብ ቆማለች። መጀመሪያ የቀረበችው ናርዶስ ናት፤ ልትሳለም ጎንበስ አለች፣ መስታወቱን በግንባሯ ነካች፣ ቀና ስትል ዓይኗ ከወርቃማዎቹ ፊደላት ጋር ተገጣጠመ። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። እንደገና አየች። ከዚያ የነጠላዋን ጫፍ አፏ ላይ አደረገች።

«በስመ አብ!» አለች ከኋላዋ ያለች ሴት።

አንድ ወጣት ሳቁ አመለጠው፤ ጎኑን ተጎሸመ። ሹክሹክታው ወደ ኋላ ተዛመተ። ሊሳለም የመጣው ሁሉ ግማሽ መንገድ ላይ እየቆመ ወደ ላይ ያያል፣ ከዚያ ሰውሰንን ያያል።

ሰውሰን ወደ ራሷ ተመለከተች። ቀሚሷን አየች፤ ምንም የለው። ጫማዋን አየች፤ እሷ ጫማ አላወለቀችም፣ ምናልባት እሱ ይሆን? ወደ ፊደላቱ ዞረች፤ አምስቱም ቦታቸው ላይ ናቸው፣ ያብለጨልጫሉ፣ ምንም አይነግሯትም። «ምን ሆናችሁ?» ብላ ብትጠይቅ መልሱ «አታነቢውም?» ነው። ስለዚህ አልጠየቀችም፤ የማታውቀው ነገር ሥር ቆማ ፈገግ አለች። ጥርሷ ደረቀ።

ዶክተር ኢሃብ ጠጋ ብሎ በዓረብኛ «ምን ይላሉ?» አላት።

«በጣም ወደውታል» አለች።

መሪጌታ በየነ ቀረቡ። ጽሕፈቱን ረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ በዚያች ረጋ ባለች ድምፃቸው «ልጄ፣ ይሄን ያስጻፍሽው አንቺ ነሽ?» አሏት።

እፎይ አለች፤ ለምስጋና መስሏት። «አዎ መሪጌታ፣ እኔ ነኝ።»

«አስበሽበት ነው?»

«በጣም አስቤበት ነው እንጂ!»

ሽማግሌው ተጠጓት። «ብል?» አሉ።

ሰውሰን «ብል» የምትለዋን ቃል ታውቃታለች፤ እናቷ «ተይ ብል አልሰማ አለችኝ» ስትል ስንቴ ሰምታለች። ስለዚህ መሪጌታ ዓረፍተ ነገር የጀመሩ መስሏት እስኪጨርሱ ጠበቀች። እሳቸው ደግሞ መልስ ይጠብቃሉ።

«ብል?» አሉ ደግመው።

«እሺ መሪጌታ፣ ይቀጥሉ» አለች በአክብሮት።

የሽማግሌው ዓይን ውኃ ሞላ። «በሰው አገር፣ በስንት ድካም የታተመችውን የአባቶቻችንን ጸሎት ብል አልሽው። እሺ። እንቀጥላለን።» ወደ ሰዎቹ ዞሩ። «ጫማችሁን አድርጉ። እዚህ የምንሳለመው የለም።»

ያን ጊዜ ክው አለች። ምን እንዳደረገች አላወቀችም፤ ትልቅ ጥፋት መሆኑ ግን ከፊታቸው ላይ ይነበባል፤ ይሄን ማንበብ አላቃታትም። ሁለት መንገድ ብቻ ቀረላት። «አላነብም» ካለች ሥራውም አለቀ፣ የእናቷም ቀና ማለት አለቀ። ዝም ካለች ደግሞ የወለተማርያም ልጅ፣ ያቺ የዓረቡ ልጅ፣ መጽሐፋቸው ላይ ተሳለቀች ተብሎ እናቷ ከኋላ ጥግም እንኳ መቆሚያ ታጣለች። በየት በኩል ትውጣ? 

እናቷ በዚህ መሀል ከች አለች። ሮጣ ነው የመጣችው፤ አዲስ ነጠላ ለብሳለች፣ ግንባሯ ወዝቷል፣ ጫማዋ በእጇ ነው። የሰዉን ፊት አላየችም፤ ያየችው ልጇን ብቻ ነው። በመሀላቸው ሰንጥቃ ሄዳ አጠገቧ ቆመችና ስልኳን ለናርዶስ ዘረጋች።

«እስኪ አንሺን፣ እኅቴ። ከላይ ያለው ጽሕፈትም ይግባ።»

ናርዶስ ስልኩን ተቀበለች እንጂ አላነሣቻቸውም። «ወለቴ፣ ጽሕፈቱ ባይገባ ይሻልሻል።»

«ለምን?»

«ልጅሽ መጽሐፉን ብል ብላዋለች። ያውልሽ፣ በወርቅ አስጽፋ። መሪጌታ ሲጠይቋትም አስቤበት ነው አለች።»

ወለተማርያም ወደ ላይ አየች። እሷም ፊደል አልቆጠረችም፤ ያየችው አምስት የሚያብረቀርቁ ነገሮች ነው። ከዚያ ልጇን አየች። ሰውሰን ፊደላቱን ከዳር እስከ ዳር፣ ከዳር እስከ ዳር በዓይኗ እየሮጠችባቸው ነበር፤ አንዱ ይራራላት ይመስል። ወለተማርያም ያን አስተያየት ታውቀዋለች። ዕድሜዋን ሙሉ በየሆስፒታሉና በየመሥሪያ ቤቱ በር ላይ የተጻፈውን ነገር ስታይ የኖረችው እንደዚያ ነው። 

«መሪጌታ፣ ይቁሙልኝ!» አለች።

ሽማግሌው አንድ ጫማቸውን አድርገው፣ አንዱን ይዘው ቆሙ።

«ልጄ አልተሳለቀችም። ልጄ ማንበብ አትችልም። ፊደል አልቆጠረችም፣ እንደኔው ናት። ታነባለች ብዬ ያስወራሁት እኔ ነኝ፤ ዋሽቼ ነው። እኔን ይገሥጹኝ፣ እሷን ተዉልኝ።»

ይህን ያለችው ቦታ በለቀቁላት ሴቶች ሁሉ ፊት ነው። ናርዶስ ስልኩን ዝቅ አደረገች። መሪጌታ እንደገና ወደ ወርቃማዎቹ ፊደላት ቀና አሉ፤ አሁን በሌላ ዓይን ነው የሚያዩት፤ ጣታቸውን ከቀኝ ጀምረው ወደ ግራ ሳቡ። «ጸ… ሎ… ተ… አዬ! ለካ እንደ ዓረብኛው ነው የለጠፉት። ልብ ነው የሚለው፤ ልብ!» ፊታቸው ፈታ አለ። ከሴቶቹ አንዷ በደግ ሳቅ ሳቀች፤ ናርዶስም የወለተማርያምን ክንድ ያዝ አደረገች። አንዲት ደቂቃ ብትጨመር ኖሮ ሁሉም ነገር እዚያው ባለቀ።

ግን ዶክተር ኢሃብ አለ። ሲቆጡ አይቷል፣ ሲያዝኑ አይቷል፣ አሁን ደግሞ ሲስቁ ያያል፤ ሣጥኑን ከከበቡት መሀል አማርኛ የማይሰማው እሱ ብቻ ነው።

«ሰውሰን» አለ በዓረብኛ፣ «ኻልቲ፣ እናትሽ፣ ምን አለች? ምንድን ነው የተፈጠረው?»

ሁሉም ወደ ሰውሰን ዞረ። አስተርጓሚዋ እሷ ናት፤ ለዚህ ነው የተቀጠረችው። እውነቱ በዓረብኛ ተዘጋጅቶ ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር፤ እናቴ ‹ልጄ ማንበብ አትችልም› አለች፣ እውነቷን ነው። አጭር ነው፣ ቀላል ነው፣ እናቷም የከፈለችው ለዚህ ነው። አፏን ከፈተች። የዶክተሩን ፊት አየች፤ በሰው ፊት የገባውን ቃል፣ ያመናትን እምነት። ያቺ የቀደመች ምላሷ አሁንም ቀደመቻት።

«እናቴ…» አለች በዓረብኛ። «እናቴ ይህን ቀን በማየቷ ደስታዋን መቻል አቅቷት ነው። እነሱም ደስ ብሏቸው ነው።»

ካለችው በኋላ ነው ያስታወሰችው። እነዚህ ሰዎች ካርቱም ውስጥ ያረጁ ናቸው። ዓረብኛዋን እያንዳንዷን ቃል ሰምተዋል። እናቷም ሰምታለች።

ዶክተር ኢሃብ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ወደ ወለተማርያም ዞረ። «ሰሕ፣ ያ ኻልቲ?» እውነት ነው ወይ ማለቱ ነው።

ወለተማርያም ልጇን አየቻት። ቁጣ አልነበረባትም፤ ቁጣ ቢሆን ለሰውሰን በቀለላት። ናርዶስ የያዘችውን ክንድ ለቀቀች። መሪጌታ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ አትበይው ማለታቸው ነበር።

«ሰሕ» አለች ወለተማርያም በዓረብኛ። «ወላሂ ሰሕ።»

በእግዚአብሔር ስም፣ በሐሰት፣ በመሪጌታዋ ፊት። ሽማግሌው አማተቡና ሁለተኛውን ጫማቸውን አድርገው ወጡ። ሌሎቹም አንድ በአንድ ተከተሏቸው። ናርዶስ ስልኩን መስታወቱ ጠርዝ ላይ አስቀምጣ፣ ወለተማርያምን ሳታያት አለፈች።

ዶክተር ኢሃብ ስልኩን አነሣው። «ኑ፣ ኑ፣ እኔው ላንሣችሁ! ሰውሰን፣ ነገ የቴሌቪዥን ሰዎች ይመጣሉ፤ አንድ ገጽ ታነቢላቸዋለሽ፣ ኢንሻላህ። ያላ፣ ጠጋ በሉ!» እያለ እናትና ልጅን ከፊደላቱ ሥር አቆማቸው።

ጠጋ አሉ። ሰውሰን የእናቷን እጅ ፈልጋ ያዘች፤ እጁ አልሸሸም፣ አልጨበጣትምም። ወለተማርያም ወደ ስልኩ እያየች፣ ከንፈሯን ሳታንቀሳቅስ፣ በአማርኛ ጠየቀቻት።

«ልብ የሚለው የትኛው ነው?»

ሰውሰን ቀና ብላ ፈለገችው።

«አላውቅም፣ ዩማ» አለች።